ድሬን በግንቦት፣ ሐረርን በነሐሴ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ርእሱ «ፀሐይ ወይስ ደመና?» ይላል። ጸሐፊው ድሬዳዋን፣ ሐረርንና ጅቡቲን በአየር ጠባያቸው አወዳድረው ደረጃ ሰጥተዋቸዋል፦ አንደኛ ሐረር፣ ሁለተኛ ጅቡቲ፣ ውራ ድሬዳዋ። በደረጃው አልተከፋሁም። የእናቴ አገር ሐረር ነው፤ አንደኛ ብትወጣ እኔ ምን ቸገረኝ። ብዕር ያስነሣኝ መሐል ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ድሬዳዋ ላይ ሹራብ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ወይ የዋህ ነው፣ ወይ ፀሐይ መትቶታል።»

እኔ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሹራብ እሸጣለሁ። ንግዱን ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ፀሐይ የመታው ሰው ምላሽ ነው እንግዲህ፣ አቦ፣ ታገሡኝ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጸሐፊው ራሳቸው ሳያስቡት የነገሩንን ላንሣ። ድሬ የከረሙት በግንቦት ሦስት ቀን ነው። ሐረር የወጡት በነሐሴ፣ ለዘመድ ጉዳይ። ጅቡቲ የወረዱት በጥር። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ወር። ግንቦትና ሰኔ ድሬ የምትፋጅበት ጊዜ ነው፤ ቀኑ 35 እና 36 ዲግሪ ይገባል። ነሐሴ የሐረር ዝናብ የሚበረታበት ነው። ጥር ደግሞ ለጅቡቲ የዓመቱ ልስላሴ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በታች ይውላል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። ይህ አንዱን ሰው በዓቢይ ጾም፣ ሌላውን በፋሲካ፣ ሦስተኛውን በሠርጉ ቀን አይቶ «ከሦስቱ ሆዳሙ ማነው?» ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ጽሑፉ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምላሼም እዚሁ ያበቃ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ምክንያት ወደ መስጠት ገቡ።

«ድሬዳዋ በረሃ ናት፤ ሐረር ደጋ ናት» ይላሉ። ሁለቱም አይደሉም። እኛም እኮ ድሬን «የበረሃዋ ንግሥት» እያልን እንጠራታለን፤ ያ ግን ማቆላመጥ እንጂ ልኬት አይደለም። አባቶቻችን አገሩን በከፍታ ሲከፋፍሉ በረሃ ያሉት ከ500 ሜትር በታች ያለውን ነው፤ ከዚያ እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወይና ደጋ ናት። ደጋ ማየት የሚፈልግ ከሐረር ወደ ምዕራብ ይሂድና ጋራ ሙለታን ይውጣ፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ብርድ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ይነግሩታል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል በመንገድ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከፍታ ግን ወደ 700 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ሲወጣ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ሒሳቡን ያስሉት፤ በሐረርና በድሬ መካከል የሚሰማን የአራት እስከ ስድስት ዲግሪ ልዩነት አብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያም አያስፈልግም። ከድሬ የተነሣ ሚኒባስ ጠመዝማዛውን ጨርሶ ተራራው ላይ ወዳለው ደንገጎ ሲደርስ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ይዘጋል፣ ሌላውም ይከተላል። ስንመለስ እዚያው ቦታ ላይ መስኮቱ ይከፈታል። እኔ ደንገጎን የጃኬት ኬላ ነው የምለው።

ደግሞስ ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚህ ከፍታ የተነሣ አይደለም እንዴ? ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር መጀመሪያ የታሰበለት ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ከለከለው፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመና ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ያወጡላትም ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐረር መውጣት ያቃተው ባቡር የወለዳት ልጅ ናት ማለት ነው። እናትና ልጅን በአንድ መስፈርት አሰልፎ ማዕረግ መስጠት በራሱ ይከብደኛል።

ቀጥሎ ያለችው ነጥባቸው የእኔን ሙያ ትነካለች። «ሐረር የምትበርደው ደመና ስለሚበዛባት ነው፤ ፀሐይ ባለበት ብርድ የለም» ብለዋል። እዚህ ላይ የአየር ጠባይ ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት የሱቄን ደብተር ልጥራ። ሐረር የሚሄድ ሰው ከእኔ ዘንድ ሹራብ የሚገዛው በነሐሴ ይመስላችኋል? በነሐሴ የሚፈልገው ጃንጥላ ነው፤ ጃንጥላ ደግሞ የጎረቤቴ ንግድ ነው። ሹራብ የሚሄደው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ደመና ሳትታይ፣ ፀሐይ ዓይን በምታጠፋበት ወቅት።

ምክንያቱም ይህ ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ያንን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይከልለዋል፤ ከፊሉን መልሶ ይሰጣታል። ሰማዩ ከተገለጠ ግን የሚከልል የለም፤ ሙቀቱ ሄደ፣ ንጋት ላይ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ በነሐሴ ሐረር ያደረ ሰው ሌሊቱ ለስለስ ይልለታል፣ ቀኑ ግን ይቀዘቅዝበታል፤ በታኅሣሥ ያደረ ቀን በሸሚዝ ይውላል፣ ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ያድራል። ጸሐፊው የቀኑን ቅዝቃዜ አይተው ስለ ሌሊቱ ብርድ ጻፉ።

በዚህ በኩል ክፉው ሐረር እንኳ አይደለም፣ ጎረቤቷ ሐረማያ ነው። ሜዳው እንደ ሳህን ዝቅ ያለ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዙሪያው ኮረብታ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ጠዋት ሲነሡ ውርጭ ወርዷል፤ ድንቹን፣ ጫቱን እሳት እንደ ገባበት አጥቁሮታል። «ውርጭ በላው» ይላል ገበሬው፤ በማግስቱ የጫት ዋጋ እዚህ ድሬ ድረስ ይሰማል። ያን ዕለት ሰማዩን ቢያዩት ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይዋም ወርቅ ናት።

ደግሞ ሐረርን «ደመናማ ከተማ» ማለት ከቡናዋ ጋር ያጣላል። የሐረር ቡና በዓለም የታወቀው ከነገለባው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ በመሆኑ ነው፤ ጀንፈሉ ቀናትን ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ቡናው የሚለቀመው ዝናብ ካበቃ በኋላ ነውና ይቻላል። ደመና ዓመቱን ሙሉ የሚጫንበት አገር ይህን አያደርግም፤ ቡናው ይሻግታል። ክረምት ላይ እንኳ በአብዛኛው ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ይከፈታል፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። አክስቴ ልብስ ታጥባ የምታሰጣው ከስድስት ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሰጣ ሰው የጸሐፊውን ዓይነት ሐሳብ ቢይዝ አልፈርድበትም።

እና ድሬ ላይ ሹራብ? አዎ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ድሬ 14 እና 15 ዲግሪ ትወርዳለች። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይደለም። በሰኔ 36 ዲግሪ ለለመደ ገላ ግን ብርድ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ የባጃጅ ሹፌር፣ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምታወርድ እናት፣ ዩኒፎርም ላይ የሚደርብ ተማሪ፤ ደንበኞቼ እነዚህ ናቸው። ማንኛቸውንም ፀሐይ አልመታቸውም።

«ድሬዳዋ ዝናብ አታውቅም» ለሚለው መልስ መስጠት ይከብደኛል፤ ከባድ የሆነው ነገሩ ስለጠፋኝ አይደለም። በቁጥር ልጀምር። ድሬ በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በሁለት ዙር ነው፣ በልግ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ። ጅቡቲ ከተማ የምታገኘው የዚህን ሩብ ያህል ነው። ያ ነው በረሃ።

ግን የድሬ ውሃ ድሬ ላይ ብቻ አይዘንብም። ከደንገጎና ከዙሪያው ተራሮች ቁልቁል የሚወርዱ ወንዞች ከተማዋን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ደቻቱን፣ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ዝናቡ ላይ፣ ተራራው ላይ፣ ወረደ። ከተማው ተኝቷል። ውሃው ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ቤት፣ ግንብ፣ መኪና ሄደ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ከደቻቱ ራቅ ብለን ስለምንኖር ቤታችን ቀረ። ጠዋት ስወጣ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም።

ስለዚህ ጸሐፊው «ደመናው የሐረር፣ ፀሐይዋ የድሬ» ብለው ሲያከፋፍሉ አንዱ ያልገባቸው ይህ ነው። ወደ ተራራው የሚገፋ እርጥብ አየር ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ እዚያው ላይ ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ እኛ ሲወርድ መልሶ ይሞቃል፣ ይደርቃል። የእኛ ፀሐይ የእነሱ ደመና ጀርባ ነው። ድሬ ላይ ቆመው ወደ ደቡብ ቀና ሲሉ ደንገጎ ላይ ጥቁር ደመና ተኮልኩሎ እርስዎ ጋ ጠብ ሳይል ያዩታል። የድሬ ሰው ያንን ሲያይ «ላይ ዘነበ» ይላል፤ ከ1998 ወዲህ ደግሞ ቃሉን ብሎ ዝም አይልም፣ ወንዙን ዘወር ብሎ ያያል።

ውሃ ካነሣሁ አይቀር፣ በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልገባውን ልጨምር። ሐረር ለብዙ ዘመን ትጠጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደረቀ፤ ለመስኖ በሞተር ተሳበ፣ ለከተሞች ተሳበ፣ ደለል ሞላው። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፣ እሰየው። ታዲያ ሐይቁ ሲደርቅ ዝናባማዋ፣ ደመናማዋ፣ አንደኛ የወጣችው ሐረር ውሃ ያገኘችው ከየት ይመስላችኋል? ከድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ሐሰሊሶ ከሚባለው ቦታ፣ ከጉድጓድ ተስቦ ሽቅብ በቧንቧ ተገፍቶ ነው። ከ«ውራዋ» ከተማ ሥር። ያ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ብዙው ከተራራው ዝናብ የሰረገ ነው። እንግዲህ ነጥቡን ለማን እንደሚሰጡ ጸሐፊው ይወስኑ።

ወደ ባሕሩ እንውረድ። «ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይሻላል፤ ባሕር አለ፣ ነፋስ አለ» የሚለው በጥር ለሄደ ሰው እውነት ነው። በጥር ጅቡቲ ከሄድኩ እኔም ይህን እላለሁ። ግን በሐምሌ እንሂድ። የቀኑ ሙቀት በአማካይ 41 ዲግሪን ያልፋል፤ ይህን ተዉት። ሌሊቱ ነው ነገሩ። ባሕሩ ራሱ ስለሞቀ ሌሊት የሚያቀዘቅዝ የለም፤ ዝቅተኛው ሙቀት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌሊት! ድሬ በዚያው ወር ንጋት ላይ 21 እና 22 ትገባለች፤ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ፣ አጎበር ሰቅሎ የተኛ ሰው አሥር ሰዓት ላይ አንሶላ ይፈልጋል።

የባሕር ነፋስ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲደርቅ ነው፤ አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ አይደርቅም፣ ይንቆረቆራል እንጂ። በድሬ ደረቅ 35 ዲግሪ ሸሚዝህ አንገቱ ላይ ነጭ ጨው ይሠራል፤ በባሕር ዳርቻው እርጥብ 35 ዲግሪ ሸሚዙ ይጨመቃል። ልዩነቱን ሁለቱንም የለበሰ ያውቀዋል። እርግጥ ለፍትሕ ሲባል፣ ጅቡቲም ላይ በክረምታችን ወራት ከምሲን የሚሉት ከየብስ የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ያን ጊዜ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን ፀጉር ማድረቂያ ፊት እንደ መቆም ነው ይላሉ የቆዩበት። ለዚህ ነው በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ የሚመጡት። ብዙዎቹ ሐረር ይወጣሉ፤ ጥቂት የማይባሉት ግን እዚሁ ድሬ ይከርማሉ፣ ለነፋሻ አየር! ጸሐፊው ሁለተኛ ካደረጓት ከተማ ሸሽተው ውራዋ ከተማ ላይ የሚያርፉ ሰዎች ዘንድ ሄደው ቢጠይቁ መልካም ነበር።

አንድ ነጥብ ሰጥተውናል፣ እሱንም ልመልስላቸው ነው። «ለድሬዳዋ ይህን ልስጣት፦ ፀሐይዋ በሽታ ያደርቃል» ብለዋል። ቢያደርቅ ኖሮ! ሁላችንም ስናድግ ወባ የዝናብና የረግረግ በሽታ ነው ተብለን ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ድሬ ላይ ወባ የተነሣው ደረቁ ወቅት ላይ ነበር። ተመራማሪዎች ሲፈትሹ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለውን ትንኝ ነው። ከእስያ የመጣ ነው፤ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ውስጥ ሲሆን በ2016 እ.ኤ.አ. እኛ አገር ተገኘ። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃዋል። ከተማ ወዳጅ ነው። ከዚያ በፊትም በ2006 ዓ.ም. መባቻ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉኒያ ድሬን ተራ በተራ አልጋ ላይ አውለዋታል፤ የእነሱም ትንኝ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ የሚፈለፈል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው ውሃ ያጠራቅማል፤ ፀሐይዋ በላይ ትነዳለች፣ ትንኙ በበርሜሉ ውስጥ ይፈለፈላል። ይልቅስ ክዳን ይግዙ በሏቸው።

«የፀሐይ ከተማ ሰው ተጫዋች፣ የደመና ከተማ ሰው ቆዛሚ» ስለሚለው ብዙ አልልም። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁመው ይስሙ። የእናቴ ወንድሞች ዝም ያሉበትን ቀን አላስታውስም፤ በነሐሴ ዝናብ ቤት ሲዘጋባቸው ደግሞ ቁቲ፣ የቡና ቅጠሉ፣ ተፈልቶ ጭራሽ ይብሳሉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ከጽሑፉ ሁሉ ይህን ብቻ ቢጽፉ እወድ ነበር። «በሁለቱም ከተሞች የድሮ ሰው ለአየሩ ቤት ሠራ፤ የዛሬ ሰው ለቤቱ አየር ይፈልጋል» ይላሉ። እውነት ነው። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት፣ ገ ጋር የሚሉት፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የቀኑን ፀሐይ ቶሎ አያስገባም፣ የሌሊቱን ብርድም እንዲሁ። ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ ጠባቡ መንገድ አብዛኛውን ቀን ጥላ ነው። ድሬ ደግሞ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው። በግንቦት እኩለ ቀን ከታይዋን ተነሥቶ ከዚራ የገባ ሰው ሌላ ወር የገባ ይመስለዋል። ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ ሰዓት።

የእኔ ሱቅ? ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ውስጡ የምጣድ ሥር ነው። እንደ ከተማው ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘግቼ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ሽርጤን አገለድማለሁ፣ አሥር ሰዓት እመለሳለሁ። ጸሐፊው «ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሰነፍ ናት» ያሉት ይህን አይተው መሆን አለበት። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቢያልፉ ሱቁ ክፍት ነበር።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉዞውን ይገልብጡት፦ ጅቡቲ በሐምሌ፣ ሐረር በግንቦት፣ ድሬ በጥር። ድሬ ሲገቡ ታይዋን ይምጡና «የተመታው ሰውዬ ሱቅ» ብለው ይጠይቁ፤ በጽሑፋቸው ምክንያት ጎረቤቶቼ እንዲህ ብለው መጥራት ጀምረዋል። ከአንገት በላይ የሚጠለቀው ግራጫ ሹራብ አለ፣ ወፍራሙ። ንጋት ላይ ከሆነ የመጡት ዋጋ አልቀንስም።